ሎጎ ላይ የቀረው ታብሌት

ጥያቄ፦ ከታይዋን ገበያ የገዛሁት ጋላክሲ ታብ ኤ7 አለኝ። አፕዴት እያደረገ ሳለ ትንሹ ልጄ ቁልፉን ተጭኖ አጠፋው። አሁን ሲበራ ሎጎው ላይ ይቀርና መልሶ ይጠፋል። ጠጋኙ «ፍላሽ ይደረጋል፣ ያለው ሁሉ ግን ይጠፋል» አለኝ። የልጆቼ ፎቶ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። ቤት ላፕቶፕ አለ፣ ወንድሜም ይሞካክራል። ራሳችን ብናደርገውስ? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ይሆናል እህቴ። ጠጋኙ ዋሸ አልልም፤ ፍላሽ ማለት ሲስተሙን እንደገና መጫን ነው፤ ፎቶ የማያጠፋ ፍላሽ እንዳለ ግን አልነገረሽም።

መጀመሪያ ቀላሉን ሞክሩ። ታብሌቱን ላፕቶፑ ላይ ሰኩና ድምፅ መቀነሻውንና ማብሪያውን አንድ ላይ ያዙ። ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን ወዲያው ወደ ድምፅ መጨመሪያውና ማብሪያው እለፉ፣ ሪከቨሪ የሚባለው ዝርዝር ይመጣል። በድምፅ ቁልፉ እየወረዳችሁ «ዋይፕ ካሽ ፓርቲሽን» የሚለውን በማብሪያው ምረጡ። ይሄ ፎቶ አይነካም። አጠገቡ ያለው «ዋይፕ ዳታ» ግን ሁሉንም ጠርጎ ነው የሚሄደው፣ አቦ እጃችሁ እንዳይስት!

ካልተነሳ ወደ ፍላሹ። ከጀርባው ያለውን ሞዴል በደንብ አንብቡ፤ ቲ500 የዋይፋይ ብቻ ነው፣ ቲ505 ሲም ይወስዳል፣ የአንዱ ፈርምዌር (የሚጫነው የሲስተም ፋይል) ለሌላው አይሆንም። ፋይሉ በጊጋባይት የሚቆጠር ስለሆነ ኢንተርኔት ጥሩ ከሆነበት ቦታ አውርዱት። የቅርቡን ቨርዥን ውሰዱ፣ ምክንያቱም በቨርዥኑ ስም ውስጥ ከመጨረሻው አምስተኛ ላይ ያለው ቁጥር ታብሌቱ ላይ ካለው ካነሰ አይቀበልም። ያንቺው ቨርዥን ሪከቨሪው ላይ ከላይ ተጽፏል።

አሁን ወደ ፎቶሽ። ዚፑ ሲፈታ ቢኤል፣ ኤፒ፣ ሲፒ የሚባሉ ፋይሎችና ሁለት ሲኤስሲ ታገኛላችሁ። አንደኛው ሲኤስሲ ብቻ ይላል፣ ሌላኛው ሆም ሲኤስሲ። የመጀመሪያው ታብሌቱን አጽድቶ እንደ አዲስ ያደርገዋል፤ ሆም ሲኤስሲ ግን የውስጡን ሳይነካ ሲስተሙን ብቻ ይተካል። ለጠጋኝ የመጀመሪያው ይቀለዋል፣ ደንበኛ ተመልሶ አይመጣበትማ። አንቺ ሆም የሚለውን ነው የምትፈልጊው።

ላፕቶፑ ላይ የሳምሰንግ ዩኤስቢ ድራይቨርና ኦዲን የሚባለው ፕሮግራም ይኑር። እንደቅድሙ በድምፅ መቀነሻውና በማብሪያው አጥፍታችሁ፣ ኬብሉ እንደተሰካ ሁለቱንም የድምፅ ቁልፎች ያዙ። ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ድምፅ መጨመሪያውን ተጫኑ። ኦዲን ላይ ትንሿ ሳጥን ሰማያዊ ከሆነች ተገናኝተዋል። ካልሆነች ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የኬብሉ ነው፤ ቻርጅ ብቻ እንጂ ዳታ የማያሳልፍ ኬብል ገበያው ሞልቶታል። ፋይሎቹን በየስማቸው አስገቡ፣ ሲፒ ከሌለ ቦታው ባዶ ይቅር። «ሪ-ፓርቲሽን» የሚለው ላይ ምልክት አታድርጉ። ከዚያ ስታርት።

አንዴ ከጀመረ ኬብሉን ማንም አይንካ፣ ልጁንም ጎረቤት ላኪው። መብራት ድንገት ሊሄድ ስለሚችል ዴስክቶፕ ላይ አትሞክሩት፣ ላፕቶፑም ባትሪው ሙሉ ይሁን። አረንጓዴው «ፓስ» ከመጣ በኋላ ታብሌቱ ለመነሳት ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ተጣበቀ ብላችሁ እንዳታጠፉት።

ሆም ሲኤስሲም ቢሆን መቶ በመቶ ዋስትና አይደለም። ከሱ በኋላም ሎጎ ላይ ከቀረ፣ ወንድምሽ በንዴት ሌላኛውን ሲኤስሲ እንዳይጭን፤ ያኔ ፎቶው በቃ ሄደ። ኬብልና ፖርት ቀይራችሁም ኦዲን ቀይ «ፌይል» ካለ ደግሞ ሚሞሪው ሊሆን ይችላል፣ ቦርድ የሚሠራ ሰው ይየው።

ጥያቄ፦ የኔም ሎጎ ላይ ቀርቷል፣ ግን አይፓድ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ስሰካው ሪስቶር ልበል ወይስ አፕዴት? (ከሐረር፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ አፕዴት በል። እሱ ዳታህን ሳይነካ ሲስተሙን እንደገና ይጭናል፣ ሪስቶር ግን ያጸዳዋል። ኢንተርኔትህ ቀርፋፋ ከሆነ አትደንግጥ፤ ማውረዱ ከ15 ደቂቃ ካለፈ አይፓዱ ከሪከቨሪ ይወጣል። ማውረዱ እስኪያልቅ ጠብቀህ መልሰህ ሪከቨሪ ውስጥ አስገባውና አፕዴትን ድገም።