ከእንጦጦ ያወረደው ፍል ውሃ

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የመጽሔቱ አዘጋጆች፤ በየዓመቱ በበጋ አያቴን ይዤ ከባሕር ዳር ወደ ዋንዛዬ ፍል ውሃ እሄዳለሁ። ዘንድሮ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸርጣ፣ የሚያማትን ጉልበቷን በትኩሱ ውሃ እያሸች ሳለ፣ አጠገባችን የነበሩ አንድ አባት «አዲስ አበባም እኮ የተቆረቆረችው በእንዲህ ያለ ውሃ ነው» አሉን። ለመታጠቢያ ተብሎ ከተማ ይቆረቆራል? ውሃውስ እሳት ሳይነካው እንዴት ይፈላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አባትየው የነገሯችሁ እውነት ነው፤ ግን የታሪኩ ግማሽ ነው። ፍል ውሃው ሰዎቹን ከተራራ አወረዳቸው፤ በወረዱበት እንዲጸኑ ያደረጋቸው ግን ዛፍ ነው።

ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከአንኮበር ተነሥተው ኋላ የከተሙበት እንጦጦ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ፣ ከጣና ዳርቻ ጋር ሲነጻጸርም ከ1200 ሜትር በላይ ከፍ የሚል ተራራ ነው። ዙሪያውን ለመቃኘትና ጠላትን ለመከላከል ይመቻል፤ ለኑሮ ግን ብርዱና ነፋሱ ይከብዳል፣ ስንቁም ሁሉ ዳገት ወጥቶ የሚደርስ ነው። ከተራራው ግርጌ፣ ፊንፊኔ በሚባለው ስፍራ፣ ትኩስ ውሃ ይፈልቅ ነበር። በዚያ ይኖሩ የነበሩት ኦሮሞዎች ከማንም በፊት ያውቁት ነበር፤ ከብቶቻቸውንም ማዕድን ያለበትን ውሃ ያጠጡ ነበር። የቦታው ታሪክ ሲነገር ከምኒልክ ብቻ መጀመሩ ተገቢ አይመስለንም።

ውሃው የሚሞቀው ወደ መሬት የሰረገው ዝናብ በጥልቁ ዐለት ሙቀት ግሎ፣ በመሬት ስንጥቅ በኩል ተመልሶ ስለሚወጣ ነው። አዲስ አበባ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ በመሆኗ እንዲህ ያለ ስንጥቅ አላት።

ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ከሆነ በኋላ መኳንንቱ ለመታጠብና ለቁርጥማት ፈውስ ፍለጋ ወደ ፍል ውሃው ይመላለሱ ጀመር። እቴጌ ጣይቱም ቦታውን ስለ ወደዱት በአቅራቢያው ቤት አሠሩ፤ በ1879 ዓ.ም. «አዲስ አበባ» የሚለውን ስም ያወጡለትም እርሳቸው ናቸው። መኳንንቱ በየተመሩት ቦታ ሰፈሩ፤ ብዙ ሰፈሮች እስከ ዘመናችን የሚጠሩት በእነርሱ ስም ነው። እንጦጦ ግን ወዲያው አልተተወም፤ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ነው።

ቀጥሎ የመጣውን ችግር እኛ የጣና ዳር ሰዎች ከማንም ይልቅ እንረዳዋለን፤ በሐይቃችን ዙሪያ ጉዛራ፣ ጎርጎራና ደንቀዝ ላይ የቀሩት ፍርስራሾች ቤተ መንግሥት በአንድ ቦታ የማይረጋበት ዘመን ምስክሮች ናቸውና። ብዙ ሺህ ሰው በሰፈረበት ቦታ ማገዶና የቤት እንጨት ሲያልቅ ነቅሎ መሄድ የቆየ ልማድ ነበር። አዲስ አበባም ዕድሜዋ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላ ዙሪያዋ ተመናምኖ እንጨት ከሩቅ ይመጣላት ስለ ነበር፣ ምኒልክ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ግንባታ አስጀምረው ነበር። ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃ ኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማዋ ሳትነቀል እንድትቀር ካደረጉት ምክንያቶች ትልቁ በ1880ዎቹ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ በጥቂት ዓመታት ለማገዶ ይደርሳል፣ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። እርጥበት ይመጥጣል፣ መሬት ያደርቃል ተብሎ የሚቀርብበት ወቀሳ እውነትነት ቢኖረውም፣ ያለ እርሱ ፍል ውሃው ብቻውን ከተማዋን ባላቆያት ነበር። ወደ ዋንዛዬ ስትሄዱ በየማሳው ዳር ተተክሎ የምታዩት ዛፍም ይኸው ባሕር ዛፍ ነው።