ሣር፣ ቄጠማና ጁንከስ

ጥያቄ፦ በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት የፕሬይሪ ሣራማ ሜዳ ስለሚበቅሉ ዕፀዋት የሚያወሳ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ነው። እንግሊዝኛው ሣርን፣ ሣር መሰሎቹን ካሬክስንና የመሳሰሉትን፣ እንዲሁም ሌላውን ሣር መሰል ጁንከስን በሦስት ስም (ግራስ፣ ሴጅ፣ ረሽ) ይለያል፤ እኔ ግን ለሁሉም «ሣር» ከማለት በቀር ቃል አጣሁ። ለሁለተኛው «ቄጠማ» ብል ያስኬዳል? «ሀገር በቀል» እና «መጤ» የሚሉትስ?

መልስ፦ ያስኬዳል፤ ግን «የቄጠማ ወገን» ይበሉ። «ቄጠማ» ብቻውን ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ በረግረግና በወንዝ ዳር የሚበቅሉትን፣ ከካሬክስ ጋር አንድ ቤተሰብ የሆኑትን የሳይፐረስ ዓይነቶች ይጠራል። ሁለተኛ፣ ለበዓልና ለቡና የሚጎዘጎዘውን ለምለም ሁሉ ይጠቀልላል፤ ከገበያ «ቄጠማ» ተብሎ በተገዛ እስር ውስጥ ሣር የሚገኘውም ለዚህ ነው። «ወገን» የሚለው ሲጨመር የጉዝጓዙ ትርጉም ይወገድና የዕፅዋቱ ብቻ ይቀራል። ያን ጊዜ ካሬክስም፣ የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም፣ በጎጃም ልጃገረዶች ለዘመን መለወጫ የሚነቅሉት እንግጫም አብረው ይገባሉ።

ጽሑፉ መለያ ምልክት ከጠየቀ ግንዱን በሁለት ጣት ያንከባልሉት። የቄጠማ ወገን ግንድ ባብዛኛው ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ጠርዙ ጣት ላይ ይሰማል፤ ውስጡ ድፍን ነው፣ ጎልቶ የሚታይ አንጓ የለውም፣ ቅጠሉም በሦስት ረድፍ ይወጣል። የሣር ግንድ ክብ ነው፤ አንጓ አለው፣ በአንጓና በአንጓ መካከል ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፣ ቅጠሉ በሁለት ረድፍ ነው። ጁንከስ እንደ ሣር ክብ፣ እንደ ቄጠማ ደግሞ ድፍን ስለሆነ ግንዱ ብቻ ያሳስታል። ፍሬውን ይክፈቱ፦ የጁንከስ ፍሬ ብዙ ደቃቅ ዘር ሲይዝ የሁለቱ ግን አንድ ዘር ብቻ ነው። ስሙን «ጁንከስ» ብለው ይተዉትና መጀመሪያ ሲጠቅሱት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጹት። «ፊላ» ብለው የሚመልሱ አሉ፤ ስሕተት ነው። ፊላ ቡናማ ዱላ የመሰለ አበባ የሚያወጣው ታይፋ ነው፤ ቤተሰቡም ሌላ ነው።

የባሰው ስሕተት ግን በሣሮቹ በራሳቸው ላይ ይፈጸማል። የፕሬይሪው አንድሮፖጎን ጀራርዲ ቁመቱ ከ2 ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ ከሰንበሌጥም ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ ስለዚህ «ሰንበሌጥ» ብሎ መገላገል ያጓጓል። አይበሉ። ሰንበሌጥ፣ ሰርዶ፣ ጓሳ፣ አክርማ፣ ስንደዶ እያንዳንዳቸው የታወቀ ሣር ስም ናቸው፤ አንባቢው ሰንበሌጥ ሲባል የሚያየው የቤት ክዳን እንጂ የሚኒሶታን ሜዳ አይደለም። ለባዕዱ ሣር «አንድሮፖጎን ሣር» ይሻላል። ልማዱም ይደግፈዋል፦ «ሰርዶ» ያለ «ሣር» ይቆማል፣ «ቬቲቨር ሣር» ግን አጋዥ ይፈልጋል። ይህን አጋዥ የመጤነት ምልክት አድርገው ግን አይውሰዱት፤ ዝሆን ሣርና ሮደስ ሣር የአፍሪካ ተወላጅ ናቸው፣ ስማቸው ብቻ ነው በመኖ ባለሙያዎች በኩል የመጣው።

«ሀገር በቀል» ለአንድሮፖጎን ትክክል ነው። «መጤ» ደግሞ ለመኖ ተብሎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ሰሜን አሜሪካ ለገባው ብሮመስ ኢነርሚስ ይስማማል። ይህ ሣር ከመሬት በታች በሚሄድ ግንዱ እየተስፋፋ ነባሮቹን ስለሚያስለቅቅ «መጤ ወራሪ» ቢሉትም አልበዛበትም። ነገር ግን ከውጭ የገባ ሁሉ ወራሪ አይደለም፤ እኛ ዘንድ «መጤ» የሚለው ቃል ከእምቦጭና ከፓርቲኒየም ጋር ተያይዞ ስለሚነገር ብቻውንም ቢሆን ክስ ይመስላል። ጉዳት ለማያደርሰው «ከውጭ የገባ» ይበቃል።

ግሡንም ያስተውሉ፦ ሰንበሌጥ ይታጨዳል፣ እንግጫ ይነቀላል፣ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። አጻጻፉን በተመለከተ ግእዙ «ሣዕር» ስለሆነ በንጉሡ ሠ «ሣር» ብሎ መጻፍ ሥሩን ይጠብቃል፤ «ሳር» ብለው ከጀመሩ ግን እስከ መጨረሻው በዚያው ይዝለቁ።