ስም ሲወጣ፣ ሲነሳ፣ ሲጠፋ

ጥያቄ፦ የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ታካሚዎች የሚፈርሙበት ቅጽ ላይ «ስም አልባ የታካሚ መረጃ ለጤና ክትትል ከመንግሥት ጋር ይጋራል» የሚል አለ። አንዲት እናት «እኔ ስም የለኝም እንዴ?» አሉኝ። አባባሉ ልክ ነው? «በሽተኛ» ማለትስ ነውር ነው?

መልስ፦ እናትዬዋ እውነት አላቸው። «አልባ» አለመኖርን ብቻ ይናገራል፤ ስም የነበረው መዝገብ ላይ ማን ስሙን እንዳስቀረው አይነግረንም። ፈራሚዋ ማወቅ የሚፈልጉት ደግሞ እሱኑ ነው።

በምን እንተካው ቢሉ አማርኛችን እዚህ ላይ ያስቸግራል፤ ለዚህ ሥራ የሚመጡልን ግሦች ሁሉ በሌላ ፍቺ ተይዘዋል። «ስም ማውጣት» ክርስትና ቤት ያደርሰናል። «ስሙ የተነሳ» ስሙ የተጠራ ነው። «ስሙ የጠፋ» ከሆነማ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው። «ማንነቱ ያልታወቀ» የፖሊስ ዜና ነው፤ ሰሚው ቀጥሎ አስከሬን ወይም ታጣቂ ይጠብቃል። እኔ በልቤ የምወደው «የተፋቀ»ን ነው፤ በብራና መጻሕፍታችን የቀድሞው ባለቤት ስም እየተፋቀ የአዲሱ ተጽፏልና። ለቅጽ ግን አይሆንም። ቅጹን የሚያድነው «አስቀረ» የሚለው ተራ ግሥ ነው፦ ስምዎን አስቀርተን ዕድሜዎን እንልካለን። ይህን የማይረዳ የለም።

ይሁንና ስምን ማስቀረት ሰውየውን መሰወር አይደለም። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት የመንግሥት ሠራተኞች የሕክምና መዝገብ ስምና አድራሻ እንዲቀር ተደርጎ ለተመራማሪዎች ተሰጥቶ ነበር። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ላታኒያ ስዊኒ የተባለች ተመራማሪ በ20 ዶላር ስም ያለበትን የመራጮች መዝገብ ገዝታ በሁለቱም መዝገቦች የሚገኙትን የልደት ቀንን፣ ጾታንና የአካባቢውን የፖስታ መለያ ቁጥር ስታስተያይ የአገረ ገዢውን የዊሊያም ዌልድን የሕክምና መዝገብ ለይታ አወጣችው። የእኛ ቀበሌማ ከዚህ የጠበበ ነው፤ «የ13 ዓመት ነፍሰ ጡር፣ ከእንዲህ ያለ ጎጥ» ከተባለ ስም ምን ያደርጋል? ስለዚህ መረጃው በእርግጥ ወደ ማንም እንዳይመራ ከተደረገ ብቻ «ባለቤቱ እንዳይለይ የተደረገ» በሉት። በስሙ ፋንታ ኮድ ተሰጥቶት የኮዱ መፍቻ እናንተ ዘንድ ከተቀመጠ ግን «ስሙ በኮድ የተተካ» ነው። ሁለቱን ማደባለቅ የቃል ስሕተት ብቻ ሳይሆን ታካሚን ማታለል ነው።

«ክትትል»ም ይቀየር። ነፍሰ ጡሯም የስኳር ታካሚውም «ክትትል አለኝ» ይላሉ፤ ሌላው ደግሞ ደኅንነት የሚከታተለው ይመስለዋል። የጤና ባለሙያዎች «የበሽታ ቅኝት» ይላሉ፤ «ቃኘ» አካባቢውን ያያል እንጂ አንድን ሰው አይከተልም። «ይጋራል» ደግሞ ተጋሪው ራሱ መረጃው ያስመስላል፤ ላኪውም ተቀባዩም ይጠሩ። «መንግሥት» በጣም ሰፊ ነው፤ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ከሆነ እሱው ይጻፍ። እኔ ብሆን እንዲህ እል ነበር፦

«ጤና ጣቢያው ስምዎን፣ ስልክዎንና የካርድ ቁጥርዎን አስቀርቶ፣ ዕድሜዎን፣ ጾታዎንና የሕመምዎን ዓይነት ለበሽታ ቅኝት ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይልካል።»

«ሁልጊዜ» የሚለውን እንዳትጨምሩበት። ድንገት እግሩ የዛለ ሕፃን ፖሊዮ ሲጠረጠር ስሙም መንደሩም በቅጹ ይሞላል፤ ባለሙያው ቤቱ ድረስ ሄዶ የሰገራ ናሙና እንዲወሰድ ማድረግ አለበትና። ይህ ለብቻው በሌላ ዐረፍተ ነገር ይነገራቸው።

«በሽተኛ» ነውር አይደለም፤ ግን ለሁሉም አይስማማም። ልጇን ልታስከትብ የመጣችው ምኗን ታማለች? ለእሷ «ታካሚ»ም አይሆናትም፤ «ተገልጋይ» ቢባል ይሻላል።