ጥያቄና መልስ፦ ከቬሳሊየስ እስከ ለሜትር፣ የቤልጂየም የሳይንስ ታሪክ

ባለፈው ሳምንት በቤልጂየም ስለነበሩ የሳይንስ ፈር ቀዳጆች ጥያቄ ያላችሁ እንድትልኩልኝ ጠይቄ ነበር። የመጡት ብዙ ስለሆኑ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቤልጂየም ራሷን የቻለች አገር የሆነችው በ1830 ነው። ታዲያ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩትን ሰዎች ቤልጂየማውያን ማለት ይቻላል?

መልስ፦ በዜግነት አይቻልም፤ በትውልድ ስፍራና በትምህርት ግን ይቻላል። በዚያ ዘመን አካባቢው በሐፕስበርግ ነገሥታት ሥር ከዛሬዋ ኔዘርላንድ ጋር የተያያዘ ግዛት ነበር። በ1425 የተመሠረተው የሉቨን ዩኒቨርሲቲ የሰውን አካል አሠራር የመረመረውን ሐኪም ቬሳሊየስንም፣ የካርታ ሊቁን መርካቶርንም አስተምሯል። በ1585 አንትወርፕ በስፔን ጦር እጅ ስትወድቅ በርካታ ነጋዴዎች፣ አታሚዎችና ምሁራን ወደ ሰሜን ተሰደዱ። ስለዚህ የአንዳንዶቹ ትውልድ በዛሬዋ ቤልጂየም፣ ሥራቸው ደግሞ በሌላ አገር ሆኖ ታገኙታላችሁ። እኔ «የማን ናቸው?» ከሚለው ክርክር ይልቅ «ምን አዩ? እንዴትስ አዩት?» የሚለው ጥያቄ ይበልጥብኛል።

ጥያቄ፦ የሕክምና ተማሪ ነኝ። መምህራችን ቬሳሊየስን «የአናቶሚ አባት» ይሉታል። ከእርሱ በፊት ሬሳ ከፍቶ የሚመረምር አልነበረም ማለት ነው?

መልስ፦ ነበረ። ልዩነቱ ቢላዋውን የሚይዘው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። በጊዜው ልማድ መምህሩ ከፍ ካለ ወንበር ላይ ተቀምጦ የጥንቱን ሐኪም የጌለንን መጽሐፍ ያነብባል፤ ከታች ደግሞ ሌላ ሰው ሬሳውን ይከፍታል። መጽሐፉና አካሉ ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚታመነው መጽሐፉ ነበር። በብራሰልስ የተወለደው አንድሪያስ ቬሳሊየስ ከወንበሩ ወርዶ ቢላዋውን በራሱ እጅ ያዘ። ተማሪ ሳለ ከሉቨን ከተማ ውጭ ከመስቀያ ላይ የቀረ የአንድ ወንጀለኛ አጽም አይቶ፣ ከጓደኛው ጋር ወጥቶ አጥንቱን በድብቅ ጥቂት በጥቂት ወደ ቤቱ እንዳጓጓዘ ራሱ ጽፏል።

ጌለን የታችኛው መንጋጋ ከሁለት አጥንቶች የተሠራ ነው ብሎ ነበር። ቬሳሊየስ በሰው ላይ አንድ ብቻ ሆኖ አገኘው፤ ምክንያቱን ሲመረምርም ጌለን የከፈተው የሰውን ሳይሆን የዝንጀሮንና የሌሎች እንስሳትን አካል እንደነበረ ተረዳ። ስለ ሰው አካል አሠራር የጻፈው ታላቅ መጽሐፍ በ1543 ባዝል ላይ ሲታተም ዕድሜው 28 ዓመት ነበር። የመጽሐፉን የፊት ገጽ ሥዕል ፈልጋችሁ እንድታዩት እመክራለሁ፤ መምህሩ በሕዝብ ተከብቦ፣ እጁን ሬሳው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ወደ ተመልካቹ አቅንቶ ይታያል።

ጥያቄ፦ ከባድና ቀላል ነገር እኩል እንደሚወድቅ ያሳየው ጋሊልዮ ነው ተብለን ተምረናል። ሲሞን ስቴቪን ቀድሞታል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ በታተመ ጽሑፍ ከሄድን አዎ። ብሩዥ ተወልዶ ኑሮውን በሰሜኑ ክፍል ያደረገው ስቴቪን፣ ከወዳጁ ጋር ሆኖ አንዷ ከሌላዋ አሥር እጥፍ የምትከብድ ሁለት የእርሳስ ኳሶችን ከ30 ጫማ ከፍታ ሳንቃ ላይ ጣለ። ሁለቱም ሲያርፉ የተሰማው ድምፅ አንድ ብቻ እስኪመስል ድረስ እኩል እንደነበሩ በ1586 ጽፏል። በጆሮ መለካቱ ይደንቀኛል፤ ዓይን የማይለየውን ጥቂት ልዩነት ጆሮ ይለየዋልና። ከዚህ አንድ ዓመት አስቀድሞ ደግሞ አሥርዮሽ ቁጥርን ለአውሮፓ ያስተዋወቀ ትንሽ መጽሐፍ አሳትሟል። አሥርዮሽን የአረቡ ዓለም ሊቃውንት ቀድመው ያውቁት ስለነበር ፈጠረው ማለት ስህተት ነው። የእርሱ ድርሻ ለመሬት ቀያሾች፣ ለምንጣፍና ለወይን ጠጅ ለኪዎች፣ ለነጋዴዎችም በሚሆን መንገድ በሕዝቡ ቋንቋ ማቅረቡ ነው።

ጥያቄ፦ ዛፍ የሚበቅለው ከውሃ ብቻ ነው ብሎ ስለደመደመው ሰው ሰምቼ ነበር። የተሳሳተ ሰው እንዴት ፈር ቀዳጅ ይባላል?

መልስ፦ ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንትን ነው የሚጠይቁት። በዚህ ጥያቄ ላይ ረዘም ብዬ ብቆይ ይቅርታ ይደረግልኝ። የብራሰልሱ ሐኪም በምድጃ የደረቀ 200 ፓውንድ አፈር በሸክላ ዕቃ ውስጥ አድርጎ 5 ፓውንድ የሚመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለበት። አቧራ ገብቶ ሚዛኑን እንዳያዛባ ዕቃውን በተበሳሳ የብረት ክዳን ከደነው፤ ከዝናብ ወይም ከተጣራ ውሃ በቀር ምንም አልጨመረበትም። ከአምስት ዓመት በኋላ ዛፉ 169 ፓውንድ ከ3 አውንስ ያህል ሆነ። አፈሩን እንደገና አድርቆ ቢመዝነው የጎደለው 2 አውንስ ገደማ ብቻ ነበር። ስለዚህ እንጨቱም ቅርፊቱም ሥሩም ከውሃ ብቻ ተገኘ ብሎ ደመደመ።

መደምደሚያው ተሳስቷል፤ ዛፉ አብዛኛውን አካሉን የሚሠራው ከአየር ከሚስበው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከውሃ ነው። ነገር ግን ተክል አፈር በልቶ ያድጋል የሚለውን የቆየ እምነት በሚዛን የፈተነው እርሱ ነው። «ጋዝ» የሚለውን ቃልም ለዓለም የሰጠው ይኸው ሰው ሲሆን፣ ከሚቃጠል ከሰልና ከሚብላላ መጠጥ የሚወጣውን ጋዝ ለይቶ ገልጾታል። ያ ጋዝ ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለው ነው። የዛፉን ምሥጢር መልስ በስም ጠርቶት ሁለቱን ግን ሳያገናኛቸው አለፈ። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ለሰውየው ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

ጥያቄ፦ በመርካቶር ካርታ ላይ አፍሪካ ለምን ታንሳለች? ሆን ተብሎ ነው?

መልስ፦ በ1569 የተሠራው ካርታ ለመርከበኞች ታስቦ ነው። አንድ አቅጣጫ ይዞ የሚቀዝፍ መርከብ መንገዱን በማስመሪያ ቀጥ አድርጎ እንዲያሰምር፣ ወደ ዋልታዎች የቀረቡ አገሮች እየተለጠጡ መሄድ ነበረባቸው። ግሪንላንድ አፍሪካን አክላ የምትታየው በዚህ የተነሣ ነው፤ በእውነቱ አፍሪካ 14 እጥፍ ያህል ትበልጣለች። ጥፋቱ የባሕር ካርታውን የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የሰቀሉት ሰዎች ነው ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ጽንፈ ዓለም በታላቅ ፍንዳታ ጀመረ የሚለውን የቢግ ባንግ ሐሳብ ያመነጨው ቄስ ነው ይባላል። ሃይማኖቱ ነው ወደዚያ የመራው?

መልስ፦ በሻርለሯ ከተማ የተወለደው ዦርዥ ለሜትር በእርግጥ የካቶሊክ ቄስ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመድፈኛነት ተሰልፏል፣ በ1923 ቅስና ተቀብሏል፣ ከዚያም በካምብሪጅና በአሜሪካ ተምሮ ወደ ሉቨን ተመልሷል። በ1927 በአንድ የብራሰልስ የሳይንስ ማኅበር መጽሔት ላይ በፈረንሳይኛ ባወጣው ጽሑፍ፣ የአንስታይንን ቀመር ከጋላክሲዎች የፍጥነት ልኬት ጋር አገናኝቶ ጽንፈ ዓለም እየሰፋ መሆኑን አስረዳ። ይህ የአሜሪካዊው ኤድዊን ሃብል ዝነኛ ጽሑፍ ከመውጣቱ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ነው። አንስታይን በዚያው ዓመት ብራሰልስ ላይ ሲያገኘው ስሌቱ ትክክል እንደሆነ፣ ፊዚክሱ ግን እንደሚያስጠላው ነገረው። ለሜትር አልተበገረም፤ በ1931 ሁሉም ነገር ከአንድ የመጀመሪያ አቶም ተነሣ የሚለውን ሐሳብ አቀረበ።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ በ1951 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ አዲሱን ሳይንስ ከፍጥረት ትምህርት ጋር አያይዘው ሲናገሩ በዚህ ያልተደሰተው ራሱ ለሜትር ነበር። ንድፈ ሐሳቡ በልኬት የሚቆም ወይም በልኬት የሚወድቅ እንጂ ለእምነት ምስክር ሆኖ የሚጠራ እንዳልሆነ አጥብቆ ይናገር ነበር። በ1966 ሊሞት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከመጀመሪያው ፍንዳታ የቀረው ጨረር መገኘቱን በሕመም ላይ ሳለ ሰማ። በ2018 የዓለም የሥነ ፈለክ ማኅበር አባላት በድምፅ ብልጫ የጽንፈ ዓለምን መስፋት የሚገልጸው ሕግ የሃብልና የለሜትር ተብሎ እንዲጠራ ወሰኑ። ዘግይቷል፤ ቢሆንም ተገቢ ነው።

ጥያቄ፦ የቤልጂየም ሳይንስ ለእኛ አገር ያተረፈው ነገር አለ?

መልስ፦ አለ፤ ብዙዎቻችን ሳናውቀው ውጠነዋል። ለሆድ ትል የሚሰጠው መቤንዳዞል፣ በንግድ ስሙ ቬርሞክስ፣ ዶክተር ፓውል ያንሰን በ1953 ካቋቋመው የቤልጂየም ቤተ ሙከራ የወጣ ነው። መድኃኒቱ ትሉ ስኳር እንዳይመጥ ያደርገዋልና ጉልበቱ አልቆ ይሞታል። ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚታዘዘው ሃሎፔሪዶልም በ1958 ከዚያው ተገኝቷል።

ጥያቄ፦ ኢቦላን ያገኙት ቤልጂየማውያን ናቸው ሲባል ይከነክነኛል። ኮንጎዎቹ የት ሄዱ?

መልስ፦ መከንከኑ ተገቢ ነው። በ1976 ያምቡኩ በተባለው የኮንጎ መንደር ወረርሽኝ ሲነሣ ቀድሞ ከደረሱት አንዱ ኮንጎአዊው ዶክተር ዣን ዣክ ሙዬምቤ ነበር። ጓንት ስላልነበረ ከታመሙት ሰዎች ደም የወሰደው በባዶ እጁ ነው፤ ደማቸው አልረጋ እያለ ጣቶቹን ያርስ እንደነበር ተናግሯል። አንዲት የታመመች ቤልጂየማዊት መነኩሲትም ወደ ኪንሻሳ ይዞ ተመለሰ። የእርሷ ደም በተራ ቴርሞስ ተደርጎ በመንገደኞች አውሮፕላን ወደ አንትወርፕ የትሮፒካል ሕክምና ተቋም ተላከ። በተቋሙ የነበረው ወጣት ሐኪም ፒተር ፒዮትና ባልደረቦቹ ቴርሞሱን ሲከፍቱ በረዶው ቀልጦ፣ ከብልቃጦቹ አንዱ ተሰብሮ ነበር።

በዚያ ወረርሽኝ ከታመሙት 318 ሰዎች 280ዎቹ ሞተዋል። በሚስዮን ሆስፒታሉ የተመላላሽ ክፍል ለቀን የሚታደሉት መርፌዎች አምስት ብቻ ስለነበሩ፣ በውሃ እየታጠቡ ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ይተላለፉ ነበር። ሙዬምቤ ራሱ የዶክትሬት ትምህርቱን የተከታተለው ሉቨን ነው፤ ከዚያ በኋላም ዕድሜ ልኩን ይህን በሽታ ሲዋጋ ኖሯል። የቤልጂየምን የሳይንስ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ቴርሞሱን ከጠቀሰ፣ ደሙን የቀዳውን እጅም መጥቀስ ግዴታው ነው።

ጥያቄ፦ ሴቶችስ?

መልስ፦ በሕይወት ካሉት ኢንግሪድ ዶቤሺን አስቀድማለሁ። በ1954 የተወለደችው ይህች የሒሳብ ሊቅ «ዌቭሌት» በተባለው ዘርፍ በ1980ዎቹ የሠራችው ሥራ ምስል ጥራቱን ሳያጣ በትንሽ መጠን እንዲከማች ረድቷል። ከ2011 ጀምሮም የዓለም አቀፉን የሒሳብ ኅብረት በፕሬዚዳንትነት የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች።

ጥያቄ፦ ብራሰልስ ነው የምኖረው። ልጆቼን ከዚህ ታሪክ ምን ላሳያቸው?

መልስ፦ ወደ ሊዮፖልድ መናፈሻ ይውሰዷቸው። ከጎኑ ባለው የተፈጥሮ ሳይንስ ሙዚየም በ1878 የቤርኒሳር ከሰል ቆፋሪዎች 322 ሜትር ጥልቀት ላይ ያገኟቸው የኢጓኖዶን ዳይኖሰሮች አጽም ቆሟል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊቃውንት እንደ ካንጋሮ በሁለት እግር አቁመዋቸዋል። ዛሬ ብዙውን ጊዜ በአራት እግር ይሄዱ እንደነበር ቢታወቅም፣ አጥንቶቹ ለመነካካት ስስ በመሆናቸው አቋቋማቸው አልተለወጠም፤ ይህንንም ለልጆቹ ይንገሯቸው። ሲወጡ በመናፈሻው ውስጥ ዛሬ ትምህርት ቤት የሆነ አሮጌ ሕንፃ ያገኛሉ። ኢንዱስትሪ ባለቤቱ ኤርነስት ሶልቬይ ባቋቋመው ጉባኤ በ1927 የተሰበሰቡት 29 ሊቃውንት፣ ከሴቶች ማሪ ኩሪ ብቻዋን ተቀምጣ፣ የታወቀውን ፎቶግራፍ የተነሡት በእርሱ ፊት ነው። አንስታይንና ለሜትር ያን ጊዜ እየተነጋገሩ የተራመዱትም በዚያው መናፈሻ ጥርጊያ መንገዶች ላይ ነበር።