እጅህ ከድቤው እኩል እንዴት ያርፋል? ስለ ምትና አንጎል ጥያቄና መልስ

ደሴ ውስጥ ፊዚዮቴራፒ እሠራለሁ። ስለ ሙዚቃ ምትና አንጎል ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ያው፣ የቻልኩትን እነሆ።

ከኮምቦልቻ፦ የፋብሪካችን ማሽን እኩል ነው የሚመታው። ለኔ ግን ሁለት ሁለት እየሆነ፣ አንዱ ጠንከር ብሎ ይሰማኛል። ጆሮዬ ነው?

ጆሮህ ደህና ነው። አንጎልህ ነው የሚከፋፍለው። እኩል የሆነ ድምፅ ሲደጋገም በሁለት ወይም በአራት እየቧደነ አንዱን ያጠብቀዋል። ታዴዎስ ቦልተን የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1894 ጽፎበታል። የግድግዳ ሰዓት ስማ፣ ያው ነው።

ከፒያሳ፦ ዝም ብዬ ተቀምጬ እግሬ ለምን ይመታል?

ምትን የሚይዘው የመስሚያው ክፍል ብቻ ስላልሆነ። ቤዛል ጋንግሊያን የመሳሰሉ እንቅስቃሴ የሚያቅዱ የአንጎል ክፍሎች ጣትህን ሳታነቃንቅም ሥራ ይጀምራሉ። መንዙማ ላይ አስተውል። ጭብጨባው ድቤውን ተከትሎ አይመጣም፣ እኩል ነው የሚያርፈው። እጅህ እስኪሰማ ቢጠብቅ ኖሮ ሁሌ ይዘገይ ነበር። አንጎል ቀጣዩን ምት አስቀድሞ ይገምታል ማለት ነው። እንዲያውም ሰው ከሜትሮኖም (እኩል ምት እየመታ ፍጥነት ከሚያስጠብቅ የሙዚቀኞች መሣሪያ) ጋር ጠረጴዛ ሲመታ ብዙውን ጊዜ በጥቂት አሥር ሚሊሰከንዶች ይቀድመዋል። ለራሱ ግን አይታወቀውም። ይሄ ነገር እስካሁን ያስገርመኛል።

እናቴ ፓርኪንሰን አለባቸው። በር ላይ ሲደርሱ እግራቸው ይያዛል። ሙዚቃ ይረዳል የሚባለው እውነት ነው?

አብሽሪ እህቴ፣ ብዙዎችን ይረዳል። በሽታው የሚያውከው ያንኑ ቤዛል ጋንግሊያን ነው። ከውስጥ የሚመጣው ምት ሲዳከም ከውጭ የሚሰማው ያግዘዋል። በር ላይ ሲቆሙ አትጎትቻቸው። «አንድ፣ ሁለት» እያልሽ በርጋታ አጨብጭቢላቸው፣ በምቱ ይራመዱ። መጀመሪያ ሳሎን ውስጥ ይሁን፣ ክንዳቸውን የሚይዝ ሰውም ይኑር። የደሴን ቁልቁለት ታውቂዋለሽ። መድኃኒታቸውን ግን አይተካም፣ ሐኪማቸውንም አማክሪ።

ምት ተፈጥሮ ነው ልምድ?

ሁለቱም። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት፣ ከተወለዱ 2 እና 3 ቀን የሆናቸው ሕፃናት ተኝተው ከበሮ ተሰማላቸው። ዋናው ምት ሲዘለል፣ እንደተኙም ቢሆን አንጎላቸው ልብ ብሎታል። የትኛው አመታት እንደሚቀለን የሚወስነው ግን ያደግንበት ዜማ ነው።

ሠርግ ላይ ጭብጨባ ይጠፋብኛል። ምን ይሻለኛል?

ጨርሶ ምት የማይይዝ ሰው ጥቂት ነው፣ አንተ አትመስለኝም። የጎረቤትህን እጅ እያየህ ከሆነ የምታጨበጭበው፣ ተው። ምት ለመያዝ ዓይን ከጆሮ ይሰንፋል። ከበሮውን ስማ፣ መጀመሪያ በእግርህ ያዘው።