ቢጫ የሆነውን የበርች ወንበር መፋቅ ይገባል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ስቶክሆልም ነው። በቅርቡ ከአንዲት አዛውንት ጎረቤቴ የምግብ ጠረጴዛና ስድስት ወንበሮች ገዝቻለሁ። ወንበሮቹ «ሊላ ኦላንድ» የተባሉት የስዊድናዊው የቤት ዕቃ ነዳፊ የካርል ማልምስተን ሥራዎች ናቸው። የተሠሩት በሰሜን አውሮፓ ከሚበቅለው ከበርች ዛፍ ሲሆን፣ ነጣ ያለ የነበረው እንጨታቸው አሁን ወደ ማር ቀለም አድልቷል፤ ሁለቱ ደግሞ ይነቃነቃሉ። በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ጥቁር ቡናማ ልቀባቸው አስቤአለሁና ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ እባክዎ አይፋቋቸው። ማልምስተን (1888–1972) እ.ኤ.አ. በ1916 ለስቶክሆልም ማዘጋጃ ቤት የቤት ዕቃዎች የተካሄደውን ውድድር ያሸነፈ፣ የገጠር አናጢዎችን የቆየ ቅርጽ መልሶ ለማንሣት ዕድሜውን የሰጠ ነዳፊ ነው። ይህንን ወንበር እ.ኤ.አ. በ1942 የነደፈውም በፊንላንድ ሥር ባሉት በኦላንድ ደሴቶች፣ በፊንስትሮም ቤተ ክርስቲያን ያየውን አሮጌ ወንበር መነሻ አድርጎ ነው። ውበቱ ያለው በመደገፊያው ቀጫጭን ዘንጎች ላይ ስለሆነ፣ ብርጭቆ ወረቀት በመጀመሪያ የሚያጠፋው እነዚያኑ ለስላሳ ጠርዞች ነው። የማር ቀለሙም ቆሻሻ ሳይሆን ብርሃን በእንጨቱና በቅቡ ላይ ለዓመታት ያመጣው ለውጥ ነው። በርች ጥቁር ቅብን እኩል ስለማይመጥ፣ ያሰቡት ቡናማ ቀለም ነጠብጣብ ሆኖ የመቅረት ዕድሉም ሰፊ ነው።

ከማጽዳትዎ በፊት ከመቀመጫው ሥር አንዲት ጠብታ ውኃ ያኑሩ። ጠብታዋ ሳትሰምጥ ከቆየች እንጨቱ ቫርኒሽ አለው ማለት ነው፤ በጥቂቱ በረጠበ ጨርቅ ጠርጎ ወዲያው ማድረቅ ይበቃል። ቶሎ ከሰመጠች ግን እንጨቱ ቅብ የለውም ወይም ቅቡ አልቋል ማለት ስለሆነ፣ ስዊድናውያን ነጣ ላለ እንጨት የሚጠቀሙበትን «ሶፓ» የተባለ ሳሙና በለብ ባለ ውኃ አቅጥነው፣ ሳያርሱት፣ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ይጥረጉት።

የሚነቃነቁትን ሁለቱን በምስማር አያስመቱ፤ ዘንጉ ይሰነጠቃል። በስዊድን የብርድ ወራት የቤት ማሞቂያ አየሩን ሲያደርቅ እንጨቱ ይኮማተርና መጋጠሚያው ይላላል። አዲስ ኮላ በአሮጌው ላይ በደንብ ስለማይዝ፣ መጋጠሚያውን ፈትቶ አሮጌውን ኮላ የሚያጸዳና እስኪደርቅ በሞርሳ አጥብቆ የሚያቆይ አናጢ ይፈልጉ። ከዚያ በኋላም ወንበሮቹን ከማሞቂያው ራቅ አድርገው ያስቀምጧቸው።