«ፎቶዎቼ ከማንም ፎቶ አይለዩም»

«26 ዓመቴ ነው። ሰርግ፣ ልደትና ምረቃ አነሳለሁ፤ ሥራ አጥቼ አላውቅም። ግን ፎቶዎቼ ከሌላው ፎቶ አንሺ ፎቶ አይለዩም። ፕሪሴት (ፎቶ ላይ የሚጫን የተዘጋጀ የቀለም ማስተካከያ) እየገዛሁ ብቀያይርም ለውጥ የለም። ሁሉም ሰው ‹የራስሽን ስታይል ፈልጊ› ይለኛል፤ እንዴት እንደሚፈለግ ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም። ሰርግ ላይ እኔን ደስ የሚለኝ የሙሽሮቹን ጨርሼ ወደ ጓዳ ስገባ ነው። የሚያበስሉትን፣ ዕቃ የሚያጥቡትን፣ ወንበር የሚሸከሙትን አነሳለሁ። እነዚህን ግን ደንበኛ አይፈልጋቸውም። ሰርጉን ትቼ ወደ ጥበቡ ልግባ? ወይስ ከመጀመሪያውም ለሙያው ፍቅር የለኝም?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ለሙያው ፍቅር የሌለው ሰው የተከፈለበትን ሥራ ጨርሶ ወደ ጓዳ አይገባም። ቁጭ ብሎ ያርፋል። አንቺ ግን ማንም ሳያዝሽ፣ ደክሞሽ እያለ፣ ካሜራሽን ይዘሽ የምትሄጂበት ቦታ አለሽ። ብዙ ጀማሪዎች የሚቸገሩት እንዲህ ያለ ቦታ በማጣት ነው። አንቺ አግኝተሽዋል፤ እስካሁን እንደ ሥራ ስላልቆጠርሽው ብቻ ነው የጠፋሽ የመሰለሽ።

ፕሪሴቱን ለጊዜው ተዪው። ቀለም ፎቶን ያሳምራል፣ ግን ማንም ገዝቶ ሊጭነው ስለሚችል አንቺን ከሌላው አይለይሽም። አንድ ነገር ሞክሪ። የምትወጃቸውን ፎቶዎች ሁሉ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሪያቸው። ቀለሙ ሲወጣ የሚቀረውን እይ። ከሰው ምን ያህል ርቀሽ ትቆሚያለሽ? ብርሃኑ ከየት ይመጣል? የካሜራውን ቁልፍ የምትጫኚው ሰው ሲስቅ ነው ወይስ ሳቁ ሲያልቅ? ፍሬም ውስጥ ማንን ታስገቢያለሽ፣ ማንን ታስወጪያለሽ? ስታይል የሚባለው በአብዛኛው እነዚህ ውሳኔዎች ሲደጋገሙ ነው። አንቺም እየወሰንሽ ነው፤ ቆም ብለሽ አላየሽውም እንጂ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራሽ ፍለጋ ሳይሆን ለቀማ ነው። የቆዩ ፋይሎችሽን ክፈቺ። ባይከፈለኝም አነሳው ነበር የምትያቸውን ብቻ ለይ። ስንት ላይክ እንዳገኙ አትመልከቺ፣ የደንበኛን አስተያየትም እርሺው። ከዚያ በትንሽ መጠን አሳትሚያቸውና ወለል ላይ ዘርጊያቸው። ይህን የምልሽ ለወግ አይደለም። ስክሪን ላይ አንድ ፎቶ ካየሽ ቀጣዩ ሲመጣ የፊተኛው ይጠፋል፣ ወለል ላይ ግን ሁሉም እርስ በርስ ይነጋገራሉ። የሚደጋገመውን በጽሑፍ ያዢ። «እጅ ይበዛል»፣ «ሰዎቹ ካሜራ አያዩም»፣ «የመስኮት ብርሃን» የሚል ዓይነት ተራ ማስታወሻ ይበቃል። ቀጥለሽ ለምታምኚው አንድ ሰው አሳዪው። «ያምራል?» ብለሽ አትጠይቂው፤ ሁሉም ያምራል ይልሻል። «ከእነዚህ ውስጥ የእኔ የማይመስለው የቱ ነው?» በዪው።

መምረጥ ራሱ ግማሽ ሙያ ነው። ፎቶ አንሺው ሮበርት ፍራንክ አሜሪካን እየዞረ ከ27 ሺህ በላይ ፎቶ አንስቷል። እ.ኤ.አ. በ1958 ፓሪስ ውስጥ በታተመው መጽሐፉ የገቡት ግን 83 ናቸው። ዛሬ የእሱ ዓይን የምንለው ነገር የታየው በእነዚያ 83 ነው። ቀሪው ሁሉ ቢታተም ኖሮ ምናልባት አንለየውም ነበር።

አሁን ወደ ሰርጉ። ተዪው አልልሽም። የገንዘብ ሥራና ጥበብ ጠላት ናቸው የሚለው ወሬ ብዙ ወጣት ጎድቷል። የማሊውን ሴይዱ ኬይታን ተመልከቺ። በአናጢነት ሠልጥኖ ፎቶን በራሱ ጥረት የተማረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ባማኮ ውስጥ ስቱዲዮ ከፍቶ ከፍለው የሚመጡ ደንበኞችን ያነሳ ነበር። ፊልም ውድ ስለነበር ለአንድ ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሚጫነው። ስለዚህ ከመጫኑ በፊት አቀማመጡን፣ የእጁን አኳኋን፣ የአንገቱን ዘንበል ማለት በጥንቃቄ ያስተካክል ነበር። የሚያነሳው ግቢ ውስጥ በቀን ብርሃን ነው። ለጀርባ የሚሰቅለው ጨርቅም መጀመሪያ የራሱ የአልጋ ልብስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ፓሪስ ውስጥ ሥራዎቹ ለብቻቸው ሲታዩ ዓለም ያደነቀው ያንኑ ለደንበኛ የተሠራ ፎቶ ነው። እጥረቱ ነው ስታይሉን የሠራለት ብዬ አምናለሁ።

አንቺም ሆን ብለሽ እጥረት ፍጠሪ። ለጥቂት ወራት ጓዳውን በአንድ ሌንስ ብቻ አንሺ፤ 35 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ይሁን። ዙም ከሌለ እግርሽ ይሠራል፣ ርቀትሽም ይታወቃል። ፍላሽ አትጠቀሚ። በየሰርጉ ሁሉን ነገር ለመያዝ አትሩጪ፤ ዛሬ የሚያጥቡትን፣ ሌላ ቀን የሚሸከሙትን።

የምታነሻቸውን ሰዎች ግን አስፈቅጂ። እነሱ ለፎቶ ለብሰው አልመጡም፤ ላብ ላይ ናቸው። ስማቸውን ጠይቂ፣ በሚቀጥለው ስትገናኙ የታተመ ፎቶ ስጪያቸው። ይህ ጨዋነት ነው፤ ለሥራሽም ይጠቅማል። የሚያውቁሽ ሰዎች ፊት ለፊትሽ ይረሱሻል፣ ያኔ ነው ጥሩው ፎቶ የሚመጣው።

«አንዱን ከመረጥኩ ዕድሜ ልኬን እታሰራለሁ?» ብለሽ እንዳትሰጊ። ኢትዮጵያዊቷ አይዳ ሙሉነህ ለአሜሪካው ጋዜጣ ለዋሽንግተን ፖስት የዜና ፎቶ አንሺ ነበረች። ዛሬ በዓለም የምትታወቅባቸው ፎቶዎች ግን ፊታቸው በቀለም የተቀባ ሴቶችን አቀናብራ ያነሳቻቸው ናቸው። ዓይን ከሰው ጋር ያድጋል።

አንድ የገበያ ነገር ልጨምር። ደንበኛ የሚጠይቅሽ ያሳየሽውን ነው። ኢንስታግራምሽ ላይ ሙሽሮች ብቻ ካሉ የጓዳውን ማን ይጠይቅሻል? ሁለት ፖርትፎሊዮ (የተመረጡ ሥራዎችሽ ስብስብ) አዘጋጂ። አንዱ የሰርግ ይሁን። ሌላው የጓዳው፣ ከ15 እስከ 20 ፎቶ ብቻ፣ አጭር መግለጫ ያለው። ፎቶ ለሚያሳዩ ቦታዎችና ለውድድሮች የምትልኪው ሁለተኛውን ነው። ለሰርግ ደንበኛሽም አልበሙ መጨረሻ ላይ ሁለት ገጽ ከጓዳው ጨምሪ፤ ተጨማሪ አታስከፍዪ። «ድግሱን ያቆሙት እነዚህ ናቸው» ብለሽ አሳያቸው። «አይፈልጉትም» ያልሽው እኮ አይተው ሳይሆን አንቺ ሳታሳያቸው ቀርተሽ ሊሆን ይችላል። ካልወደዱት ሁለቱን ገጽ ታወጫለሽ፣ ከወደዱት ግን ለቀጣዩ ሰርግ ዋጋ ስትናገሪ የጓዳውን ከመጀመሪያው ውሉ ውስጥ አስገቢው።